ስለ ዓይንና ስለ ዓይን ዙሪያ ቈዳ አጠባበቅ



እግዚአብሔር ለሰው ልጅ ከሰጠው የሰውነት ክፍል ሁሉ እንደ ዓይን የከበረ፣ እንደ ዓይንም በቀላሉ የሚጐዳ የለም። ስለዚህም ፈጣሪ በጥበቡ በአጥንት ጕድጓድ ውስጥ አኖረው፤ ቅንድብን እንደ ክፈፍ፣ ሽፋሽፍትን እንደ አጥር፣ የዓይን ቆብን እንደ በር አድርጎ ጠበቀው። ወንጌልም ዓይንን በመብራት መስሎ መናገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። መብራት ሲጠፋ ቤቱ በሙሉ እንደሚጨልም፣ ዓይን ሲታመም ሥራውም፣ ንባቡም፣ መንገዱም አብሮ ይታመማልና።

ሰው ሁሉ ለዓይኑ ብሌን ይጠነቀቃል፤ ጉድፍ ሲገባበት ይደነግጣል። በዓይኑ ዙሪያ ያለውን ስስ ቈዳ ግን፣ ያገኙትን ሁሉ እንደሚቀቡበት ግድግዳ የሚቈጥር ብዙ ነው። አንዱ ኩል ይኳልበታል፤ ሌላው ቅቤ ያደርግበታል፤ ሌላው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው የተባለውን ቅባት ሁሉ ይሞክርበታል። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን፣ በዓይን ዙሪያ የሚቀባ ነገር እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚደረግ እንነጋገራለን። ነገሩ በአሳብ ብቻ እንዳይቀር፣ በቅርቡ በቤተ ዘመድ መካከል ካየሁት ልጀምር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ ከአዋጁ ቍጥር በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ሁለቱ ብልቃጦች

በአዲስ አበባ ምሥራቅ በኩል፣ በሰሚት ሠፈር፣ የባለቤቴ ታናሽ እኅት ትኖራለች። የወለደቻት ሴት ልጅ ሰማንያ ቀን በሞላት ጊዜ ክርስትና ለማስነሣት ቤተ ዘመዱ ሁሉ ተሰበሰበ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ገበታው ከፍ ካለ በኋላ፣ አማቴ ከመቀነታቸው ላይ የተቋጠረ ጨርቅ ፈትተው ከእናታቸው የወረሱትን ትንሽ የኩል ብልቃጥ አወጡና፣ ሕፃኒቱን አምጡልኝ አሉ። አሳባቸው በጎ ነበር፤ ዓይኗ እንዲያምር፣ እንዲበረታም፣ የሰው ዓይንም እንዳይበላት ነው።

እናቲቱ ግን ልጅቱን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ «እማዬ፣ ይተዉት፤ ኩል ለሕፃን አይሆንም ብለው በጤና ጣቢያ ነግረውናል» አለች።

አማቴም ቀና ብለው አዩአትና፣ «እኔን በዚህ ኩል አሳደጉኝ፤ ይኸው በሰባ ዓመቴ መንገዴን ማንም አይመራኝም። አንቺስ በየማታው ከዓይንሽ ሥር የምትለቀልቂው ከምን እንደ ተሠራ ታውቂያለሽ?» አሏት።

እናቲቱ መልስ አጣች። ተነሥታም ከመኝታ ቤቷ ክዳኑ የወርቅ ቀለም ያለው ትንሽ ብልቃጥ አመጣች። እንዲህ ሆኖ የአያቲቱና የእናቲቱ ብልቃጦች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኔም በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሥራዬ እንደ ለመድሁት ሁለቱንም አገላብጬ ጽሑፍ ፈለግሁ። በአያቲቱ ብልቃጥ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም። በእናቲቱም ላይ ከውበት ተስፋ በቀር የአምራቹ ስም፣ የተሠራበት አገር፣ የውስጡ ዝርዝር፣ አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን፣ አንዱም አልነበረበትም። ስምና ፊርማ፣ ቀንም የሌለው ማመልከቻ ወደ እኛ ቢመጣ መዝገብ አይከፈትለትም። እነዚህ ሁለቱ ግን ያለ ስምና ያለ ቀን እስከ ዓይን ድረስ ገብተዋል። አማቴ የጠየቁት ጥያቄ ለሁለቱም ብልቃጦች የሚገባ ሆኖ አገኘሁት፤ ይህንንም ጽሑፍ ያስጻፈኝ እርሱ ነው።

የዓይን ዙሪያ ቈዳ ባሕርይ

የዓይን ቆብ ቈዳ ከሰውነት ቈዳ ሁሉ የሚሳሳ ነው፤ ውፍረቱ ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በጕንጭ ሥር እንዳለው ያለ የስብ ንጣፍ ከበታቹ የለውም፤ ወዝ የሚያመነጩት ዕጢዎችም ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎም ይሸበሸባል፤ ከሥሩ ያሉት የደም ሥሮችም በላዩ ጠቈር ብለው ይታያሉ። ሰው ነቅቶ ሲውል በየደቂቃው ብዙ ጊዜ ዓይኑን ስለሚያርገበግብ፣ ይህ ስስ ቈዳ ቀኑን ሙሉ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ይውላል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ በክንድ ላይ ሲቀቡት ምንም የማያደርግ ቅባት በዓይን ቆብ ላይ ግን ጠልቆ ይገባል። ሁለተኛ፣ የተቀባው ነገር በዓይን መርገብገብና በላብ ወደ ዓይን ውስጥ ይፈልሳል፤ ከዚያም በእንባ መውረጃው ቀዳዳ ወደ አፍንጫና ወደ ጕሮሮ ይወርዳል። የዓይን ጠብታ መድኃኒት ያደረገ ሰው ምሬቱን በጕሮሮው የሚቀምሰው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ዋናው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም፣ በዓይን ዙሪያ የሚቀባውን ሁሉ ወደ ዓይን ውስጥ እንደሚገባ፣ ለሕፃን ሲሆንም እንደሚዋጥ ቈጥሮ መምረጥ ነው።

ስለ ኩል

ኩል በአገራችን እንግዳ አይደለም። በግዕዝ ኵሕል ይባላል፤ ዓረቦችም ኩሕል ይሉታል። ፈረንጆች «አልኮል» የሚሉት ቃል እንኳ ከዓረቦቹ «አል ኩሕል» የወጣ ነው፤ አስቀድሞ እጅግ የላመውን ዱቄት፣ በኋላም ተጣርቶ የወጣውን ነገር ይጠሩበት ነበርና። በቅዱስ መጽሐፍም ኩልን በሁለት ወገን እናገኘዋለን። ኤልዛቤል ኢዩ በመጣ ጊዜ ዓይኗን ተኵላ በመስኮት እንደ ተመለከተች በነገሥት መጽሐፍ ተጽፏል፤ ይህ የጌጥ ኩል ነው። በዮሐንስ ራእይ ደግሞ የሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን ታይ ዘንድ ዓይኗን እንድትኳል ተመክራለች፤ ይህ የመድኃኒት ኩል ነው። አያቶቻችንም ኩልን በጌጥና በመድኃኒት መካከል አድርገው ሲያከብሩት ኖረዋል።

የጥንት ግብፃውያንም እንዲሁ ነበሩ። በ2010 የፈረንሳይ ሊቃውንት በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር ከሚጠበቁት ከጥንታዊት ግብፅ የመዋቢያ ዕቃዎች የተረፈውን ዱቄት መርምረው፣ በውስጡ ያገኙት የእርሳስ ጨው በእጅጉ ጥቂት ሲሆን ሰውነት ተሐዋስያንን የሚዋጋበትን ኃይል ሊያነሣሣ እንደሚችል ጽፈዋል። እንግዲህ የቀድሞ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ነገር ግን እርሳስ በደምና በአንጐል ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚለኩበት መሣሪያ በእጃቸው አልነበረም። ዛሬ በእጃችን አለ።

የኩል ድንጋይ በመልኩ አንድ ይመስላል እንጂ በባሕርዩ አንድ አይደለም። አንዳንዱ አንቲሞን የሚባለው ማዕድን ያለበት ነው፤ አንዳንዱ ጋሌና የሚባለው፣ እርሳስና ድኝ የተዋሐዱበት ድንጋይ ነው፤ አንዳንዱም ጥላሸት ብቻ ነው። ተፈጭቶ በብልቃጥ ሲገባ ሁሉም ጥቍር ዱቄት ስለ ሆነ ሻጩም ገዢዋም በዓይን ሊለዩት አይችሉም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ከተመረመሩት የኩል ዓይነቶች አንዳንዶቹ ከግማሽ በላይ እርሳስ ሆነው መገኘታቸውን ገልጾ፣ ኩል በመዋቢያ ውስጥ እንዲገባ አይፈቅድም።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስተምረው፣ በደም ውስጥ ቢገኝ ጕዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም። ሕፃን ደግሞ ከዋጠው እርሳስ ውስጥ ወደ ደሙ የሚያስገባው ከጐልማሳ 4 ወይም 5 እጥፍ ይበልጣል። ሕፃን የተኳለውን ዓይኑን በእጁ ያሻል፤ እጁንም ይጠባል። ጕዳቱም በዚያ ቀን አይታይም፤ ከዓመታት በኋላ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ፣ በማስተዋልና በማስታወስ ድካም ይገለጣል። በዚያን ጊዜ ደግሞ ምክንያቱ ከክርስትናው ቀን ብልቃጥ ነው ብሎ የሚያስብ ማንም የለም።

ይህን ለአማቴ በአጭሩ ባስረዳቸው፣ «እንግዲያውስ እናቴ በመርዝ አሳደገችኝ ማለትህ ነው?» አሉኝ። ነገሩ የእናት ክብር ሆኖ መጣ። እኔም፣ «እማማ፣ እናትዎ በጊዜው ከሚታወቀው በጎ ነገር ሁሉ የሚበልጠውን አደረጉልዎ። እኛም ዛሬ ከሚታወቀው የሚበልጠውን ለዚህች ልጅ ብናደርግ የእናትዎን ሥራ ተከተልን እንጂ አልናቅንም» አልኋቸው። ዝም አሉ። ወጣቶች ለሽማግሌዎች ስለ ጤና ሲነግሩ፣ ዕውቀቱን ብቻ ይዘው ክብሩን ከተዉ፣ ምክሩ እውነት ሳለ ተቀባይ ያጣል።

ስለ እናቲቱ ብልቃጥ

አሁን ወደ ሁለተኛው ብልቃጥ እንመለስ። እናቲቱ ከወለደች ጀምሮ እንቅልፍ አጥታ ከዓይኗ ሥር ጠቍሮባት ነበር። ጐረቤቷ፣ በሰው እጅ ተቀላቅሎ የሚሸጥ ቅባት አመላከተቻት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥቍረቱ ቀለለ፤ እብጠቱም ጐደለ፤ እርስዋም ደስ አላት። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ቀን ሳትቀባ ስትቀር ቈዳዋ ይቀላና ያቃጥላት ጀመር። ቀጫጭን የደም ሥሮችም እንደ ክር ታዩ። በማታም መብራት ስታይ በዙሪያው ክበብ ይታያት ነበር፤ ይህንን ግን የድካም ነገር ነው ብላ ለማንም አልተናገረችም።

ከክርስትናው በኋላ በነበረው ሳምንት፣ በእናቷ ግፊት፣ ብልቃጡን በእጇ ይዛ ወደ ዓይን ሐኪም ሄደች። ሐኪሙ ሲለካት የዓይኗ ውስጥ ግፊት ከሚገባው በላይ ሆኖ ተገኘ። ምልክቱም ቅባቱ ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት የተቀላቀለበት መሆኑን የሚያስጠረጥር ስለ ነበር፣ በሐኪም ክትትል እንድትተወው ታዘዘች። ግፊቱ በጊዜ ወርዶላታል፤ ሌላ አንድ ዓመት ብትቈይ ግን ወሬው እንዲህ በቀላሉ አይፈጸምም ነበር።

እነ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የሚባሉት የስቴሮይድ ቅባቶች በራሳቸው ክፉዎች አይደሉም፤ ሐኪም ለታወቀ ሕመም፣ ለታወቀ ቦታ፣ ለተቈጠረ ቀን ሲያዝዛቸው ብዙ ይጠቅማሉ። ቈዳን ለማንጣት ተብሎ ያለ ሐኪም ሲቀቡ ግን ቈዳውን ያሳሳሉ፤ በዓይን ዙሪያ ለረጅም ጊዜ ሲሆንም የዓይን ሞራንና ግላኮማን ሊያመጡ ይችላሉ። ግላኮማ የዓይንን ብርሃን ወደ አንጐል የሚያደርሰውን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚያጠፋ ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ ሳያም ስለሚሠራ እንደ ሌባ ነው፤ አንድ ጊዜ የወሰደውንም ብርሃን ማንም ሐኪም አይመልሰውም።

ሌላው ጠላት ባዜቃ፣ ማለት ሜርኩሪ ነው። ይህም በማንጫ ቅባቶች ውስጥ ሲገኝ ኖሯል፤ ኵላሊትንና ነርቭንም ይጐዳል። በ2013 የተፈረመውና ስሙን ከጃፓን ከተማ የወሰደው የሚናማታ ውል፣ ባዜቃ ያለባቸውን መዋቢያዎች ሲከለክል፣ ለዓይን ዙሪያ መዋቢያ ብቻ፣ ባዜቃው ከብልሽት መጠበቂያ ከሆነና ምትክ ካልተገኘለት፣ ልዩ ፈቃድ ትቶ ነበር። በ2023 በጄኔቫ የተሰበሰበው የውሉ ጉባኤ ደግሞ ከ2025 በኋላ ባዜቃ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ እንዳይሠራና ከአገር ወደ አገር እንዳይነገድ ወሰነ። ውሳኔው መልካም ነው። ስም የሌለው ብልቃጥ ግን ውል አያነብም፤ ስለዚህ የመጨረሻው ተቈጣጣሪ የቤቱ እመቤት ናት።

ነገሩ የድኻ አገር ብቻ እንዳይመስለን አንድ ታሪክ ልጨምር። በ1933 በአሜሪካ «ላሽ ሉር» የተባለ የሽፋሽፍትና የቅንድብ ማጥቈሪያ ቀለም ይሸጥ ነበር። ብዙ ሴቶች ዓይናቸው ቈሰለ፤ የታወሩም ነበሩ፤ የሞተችም አለች። በዚያን ጊዜ የነበረው የአገሩ ሕግ መዋቢያን ስለማይመለከት መንግሥት ቀለሙን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም፤ ሥልጣን ያገኘው በ1938 አዲስ ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። በዚያ ቀለም የነበረው ፓራፌኒሊንዳያሚን የሚባለው ነገር ዛሬም በብዙ የፀጉር ማጥቈሪያዎች ውስጥ አለ። ስለዚህ የራስ ፀጉር ቀለም ወደ ቅንድብና ወደ ሽፋሽፍት ከቶ መቅረብ የለበትም። በአገራችንም አዋጅ ቍጥር 1112/2011 ምግብንና መድኃኒትን እንደሚመለከት ሁሉ መዋቢያንም በቍጥጥር ሥር አድርጎታል።

ስለ አመራረጥ

ዛሬ በሰሚት ጐዳና ዳር፣ ኮስሞቲክስ በሚባለው ሱቅ ሁሉ፣ ለዓይን ዙሪያ የተባለ ቅባት በየዓይነቱ ተደርድሮ ይታያል። ገዢዋ ከመክፈሏ በፊት እንደሚከተለው ብትመረምር ይጠቅማታል።

አንደኛ፣ የአምራቹን ስም፣ የተሠራበትን አገር፣ የውስጡን ዝርዝርና የሚያበቃበትን ቀን ትፈልግ። ከእነዚህ አንዱ ከጐደለ፣ ዋጋው ቢረክስም ቢወደድም፣ ትመልሰው። «በሦስት ቀን ያነጣል» የሚል ተስፋ ካየችበት ደግሞ ይህ ራሱ የመሸሻ ምክንያት ይሁናት።

ሁለተኛ፣ ሽቱ ያለበትን ትተው። ለዓይን የሚሻለው መዓዛ የሌለው፣ ዝርዝሩም አጭር የሆነው ነው። ግሊሰሪን፣ ሃያሉሮኒክ አሲድና ሴራማይድ የሚባሉት ቈዳ ርጥበቱን እንዲይዝ የሚረዱ ናቸው። ንጹሕ ቫዝሊንም፣ ከ1872 ጀምሮ በስሙ የታወቀው፣ ርጥበት ከቈዳ እንዳይወጣ በመከልከል ረገድ እስከ ዛሬ ከሁሉ የማያንስ ነው። ብዙ ጊዜ ለፊት የሚሆን መዓዛ የሌለው ተራ ማለስለሻ ለዓይን ዙሪያም ይበቃል፤ «የዓይን» የሚለው ቃል በብልቃጡ ላይ ስለ ተጻፈ ብቻ ዋጋው እጥፍ መሆን የለበትም።

ሦስተኛ፣ ሬቲኖል የሚባለው የቫይታሚን ኤ ዓይነት የቈዳ መሸብሸብን የሚቀንስ ነው፤ ነገር ግን ያደርቃል፣ ያቃጥላልም። ለነፍሰ ጡር ሴት አይሆንም። ሌላዋም ብትሆን በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ማታ ብቻ ጀምራ፣ ከቆቡ ላይ ሳይሆን ከአጥንቱ ላይ ታድርገው።

አራተኛ፣ ብልቃጥ ከሚሆን ይልቅ ተጨምቆ የሚወጣውን ዓይነት ትምረጥ፤ ጣት በየቀኑ አይገባበትምና። በዕቃው ላይ ክዳኑ የተከፈተ ትንሽ ብልቃጥ ተሥሎ በውስጡ 6 ወይም 12 የሚል ቍጥር ቢገኝ፣ ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበትን ወር የሚያመለክት ነው። የሽፋሽፍት ማጥቈሪያ፣ ማስካራ የሚባለው፣ ከተከፈተ ከ3 ወር በላይ አይቀመጥ።

አምስተኛ፣ አዲስ ቅባት ሲገዛ አስቀድሞ በክንድ ውስጠኛ ወገን ላይ ለጥቂት ቀናት ይሞከር። የዓይን ቆብ ሲያሳክክና ሲላጥ ግን የዓይኑን ቅባት ብቻ አንክሰስ፤ ከጥፍር ቀለምና ከፀጉር ቀለም በእጅ ወደ ዓይን የሚደርሰው ነገር ብዙ ጊዜ ምክንያት ሆኖ ይገኛልና።

ስለ አደራረጉ

ከሁሉ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ። ፊትም ለብ ባለ ውሃ ይታጠብ፤ ኩልም ሆነ ሌላ መዋቢያ ሳይወገድ አይታደር። ውሃው በንጹሕ ጨርቅ ይነካካ እንጂ አይፈተግ። ቅባቱ ለሁለቱ ዓይን የምስር ፍሬ ያህል ይበቃል። ከትንሿ ጣት አጠገብ ያለችው ጣት ኃይሏ አነስተኛ ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ የተመረጠች ናት፤ በእርስዋ፣ ከሽፋሽፍት ርቆ፣ በዓይን ዙሪያ ባለው አጥንት ላይ በቀስታ እየነካኩ ማድረግ ነው። ዓይንን አጥብቆ ማሸት ቈዳውን ከማጥቈር አልፎ የብሌኑን መስተዋት ሊያጣምም ይችላል።

የኩል እንጨት፣ ማስካራና የዓይን ቀለም እኅት ከእኅቷ፣ ሙሽራም ከሚዜዎቿ ጋር አትዋዋስበት፤ የዓይን ሕመም ከሰው ወደ ሰው በዚህ መንገድ ያልፋል። ዓይኗ የታመመች ሴት በሕመሙ ጊዜ የተጠቀመችበትን ሁሉ ትጣለው።

ፀሐይንም አንርሳ። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ ጐጂ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ስለዚህ ብርድ ነው ብለን የምንንቀው የጠዋት ፀሐይ በዓይናችን ዙሪያ ያለውን ቈዳ ያስረጃል። ሰፊ ባርኔጣ፣ ጥላ፣ ወደ ግንባር የተሳበ ነጠላ፣ ጨረሩን የሚከለክል መነጽር፣ እነዚህ ሁሉ ከውድ ቅባት ይበልጣሉ። ጥቍር መነጽር ግን ጥቍር ስለ ሆነ ብቻ ጨረር አይከለክልም፤ ጨረሩን እስከ 400 ናኖ ሜትር የሚከለክል መሆኑ የተጻፈበት ይፈለግ።

ቅባት የማይፈታው ነገር

ከዓይን ሥር መጥቈር ለአንዳንዱ የዘር ነው፤ ለአንዳንዱ ከማሳከክና ከማሸት፣ ለአንዳንዱም ከእንቅልፍ ማጣት የሚመጣ ነው። የዘር የሆነውን ማንም ቅባት ፈጽሞ አያጠፋውም፤ ነውርም አይደለምና መታገሥ ነው። እንቅልፍ ለጐደለባት እናት ደግሞ መድኃኒቱ አንድ ሌሊት ልጁን የሚይዝላት ባል ወይም ዘመድ ነው። ይህ በሱቅ አይሸጥም።

አንዳንድ ምልክት ግን የውበት ነገር አይደለም። በየጠዋቱ ፊትና የዓይን ዙሪያ የሚያብጥ ሰው ኵላሊቱን ይመርመር። በዓይን ቆብ ላይ ቢጫ ንጣፍ የወጣበት ሰው የደሙን ስብ ያስለካ። መብራት በክበብ ተከቦ የሚታየው፣ ዓይኑ የሚቀላና የሚያመው፣ እይታውም የሚደበዝዝበት ሰው ግን ቅባቱን በእጁ ይዞ ሳይውል ሳያድር ወደ ዓይን ሐኪም ይሂድ።

ከቅባት በፊት ውሃ

በመጨረሻ፣ ከመስተዋት ፊት ተነሥተን ወደ ግቢያችንና ወደ አገራችን እንመልከት። በ2005 እና በ2006 በኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ዓይነ ሥውር ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ የታወሩት በሞራ፣ ከመቶው 11 የሚበልጡት ደግሞ ትራኮማ ባመጣው የብሌን ጠባሳ ነው። በትራኮማ ሸክም አገራችን በዓለም ከከበዳቸው አገሮች አንደኛዋ ናት፤ ከክፍሎቿም የዐማራ ክልል አብዝቶ ተጐድቷል። ይህ ሕመም የዓይን ቆብን ውስጡን እያቈሰለ፣ በመጨረሻ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ብሌኑን ያስፍቀዋል፤ እናቶች በወረንጦ ሲነቅሉት የኖሩት ፀጉር እርሱ ነው። ሐኪሞች በአራት መንገድ ይዋጉታል፤ በቀዶ ሕክምና፣ በመድኃኒት፣ በፊት ንጽሕናና በአካባቢ ንጽሕና። ከአራቱ ሁለቱ ውሃን የሚጠይቁ ናቸው።

እንግዲህ በቤታችን የዓይን ቅባት የሚገዛልን ሰው ሁሉ፣ በዚያው ቤት የሚያገለግሉት፣ ልጆቻቸውም ፊታቸውን የሚታጠቡበት ውሃና ሳሙና እንዳላቸው ይጠይቅ። በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ አንባቢም፣ ለአንድ ቀበሌ የሚገባው የውሃ ጕዳይ በጠረጴዛው ላይ በተቀመጠ ጊዜ፣ ከወረቀቱ በስተጀርባ የልጆች ዓይን እንዳለ ያስብ።

ከዚያ ወዲያ በሰሚት ቤት የሆነውን ተናግሬ ልፈጽም። አማቴ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ ብልቃጣቸውን በጨርቁ መልሰው ቋጠሩት። «ብልቃጡ የእናቴ ነውና አልጥለውም፤ ውስጡን ግን ለዚህች ልጅ አላወርሳትም» አሉ። ወደ ልጃቸውም ዞር ብለው፣ «አንቺም የራስሽን ይዘሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ» አሏት። ለብ ያለ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ አስመጡና ሕፃኒቱን በጭናቸው ላይ አስተኙአት፤ ለየዓይኗ አንድ አንድ ጨርቅ አድርገው፣ ከአፍንጫዋ ወገን ወደ ውጭ በቀስታ ጠረጉላት። ከዚያም መርቀው ለእናቷ መለሱአት።